ነጩ ቀሚስና ባለሐሩ ጠርዝ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች አለባበስ ከአራዳ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ልብስ ነው። ስለ ዘውድ፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ውል የሚያወራ ሰው ታሪክ ተናገረ ይባላል፤ ስለ ቀሚስ የሚያወራ ግን ሥራ ፈት የሚመስላቸው አይጠፉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1793 እስከ 1893 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ሴት ምን እንደ ለበሰች በደንብ ያወቀ ሰው ግን የዚያን ዘመን ንግድ፣ ማዕረግ፣ እምነትና የእጅ ሥራ አብሮ ያውቃል። ሁሉም በቀሚሷ ላይ አሻራውን ትቷልና።

የተሰበሰብንበት ሰፈርም ለዚህ ወሬ ይመቻል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ የከተማዋ ገበያ የደራው እዚሁ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ፒያሳ የሚለውን ስም ያመጡት በ1928 ዓ.ም. የገቡት ጣሊያኖች ናቸው፤ የአገሬውን ገበያም ወደ መርካቶ ያዛወሩት እነርሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ጥጥ፣ ሸማ፣ የሐር ፈትል፣ ጨሌ፣ ኩል ወይም ለጋ ቅቤ የፈለገች ሴት ቅዳሜ ሲሆን የምትወጣው ወደ አራዳ ነበር።

አሳቤን ከወዲሁ ልናገር፤ ከዚያ እናንተው ትመዝኑታላችሁ። ዛሬ ባህላዊ ልብስ የምንለውን፣ ከጥንት ጀምሮ አንዴ ተቆርጦ እንደ ቀረ ነገር አድርገን እንመለከተዋለን። ነጩ ቀሚስ ግን በለበሱት ሴቶች ዘመን ፋሽን ነበር። ይመረጥ ነበር፤ ያስቀና ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ በመጣ ክር ያጌጥ ነበር፤ በየትውልዱም መልኩን ይለውጥ ነበር። እንዲህ አድርገን ስናየው አድናቆታችን አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ኢትዮጵያ አንድ ልብስ ብቻ የነበራት አገር አይደለችም። በብዙ የኦሮሞ አካባቢ ሴቶች በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ የለፋ ቆዳ ይለብሱ ነበር። የሐረር ከተማ ሴቶች አንዱ ገጽ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር የሆነ፣ በሁለቱም በኩል የሚለበስ ቀሚስ ነበራቸው። እኔ ዛሬ የምተርከው ከጎንደርና ከትግራይ እስከ ሸዋ በደጋው አገር ስለተለበሰው፣ በኋላም በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስለወረደው ነጭ ቀሚስ ነው።

ቀሚሱ እንዴት ያለ ነበር?

ቅርጹ ሰፊና ረጅም ነው። እጅጌው ከትከሻ ሰፋ ብሎ ይነሣና ወደ አንጓው እየጠበበ ይሄዳል። ወገብ ላይ መቀነት ይታሰራል፤ ከላይ ነጠላ ወይም ኩታ፣ ብርድ ሲጠና ጋቢ ይደረባል። በዚህ በኩል የገበሬ ሚስትና የደጃዝማች ሚስት ቀሚስ እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱን የሚናገሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የፈትሉ ቅጥነት፣ የጨርቁ ብዛት፣ የጠርዙ ጌጥ።

ስለ ጨርቁ ብዛት ትንሽ ልጨምር። በእጅ የሚሸመን ጨርቅ ወርዱ ውስን ነው፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው መቀበል ከሚችልበት ርቀት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ የሚገኘው ጠባብ ጨርቆችን ጎን ለጎን እየገጣጠሙ በመስፋት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ስፋት የብዙ ቀን ፈትልና ሽመና ይበላል። አንዲት ወይዘሮ ስትራመድ ቀሚሷ በዙሪያዋ የሚተኛው እጥፋት ብዛት ሀብቷን ይናገር ነበር።

የጠርዙ ጌጥ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ነው። ባለሙያው የቀለሙን ሐር በመላው ጨርቅ ላይ አይበትነውም። በአንገት ዙሪያ ይጠልፋል፤ ከአንገት ወደ ደረት ያወርደዋል፤ በእጅጌው ጫፍ ላይ ይደግመዋል፤ የቀረውን ነጭ አድርጎ ይተወዋል። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ዐይኑ የሚያርፈው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው፤ ፊትና አንገት፣ ከዚያም የሚንቀሳቀስ እጅ። አንጥረኛውም ይህን ያውቃል። ድሪው አንገት ላይ፣ አምባሩ አንጓ ላይ፣ አልቦው ቁርጭምጭሚት ላይ ይውላል። ጠላፊና አንጥረኛ የተማከሩ ይመስል፣ ጥልፉ ባለቀበት ብሩ ይጀምራል።

ይህ ምርጫ መሆኑን ለማየት የዚያን ዘመን አውሮፓ መመልከት ይበቃል። በእኛ 1850ዎቹ የለንደንና የፓሪስ ባለጸጋ ሴት ወገቧን በኮርሴት ጠፍራ፣ ከቀሚሷ ሥር በብረት ቀለበቶች የተሠራ ክሪኖሊን የሚባል መወጠሪያ ታስር ነበር። ያም የራሱ ግርማ ነበረው፤ ነገር ግን ሰውነቷ ልብሱን ተከትሎ መቀረጽ ነበረበት። የእኛ ቀሚስ መወጠሪያ የለውም። መደብ ላይ ለመቀመጥ፣ ለመስገድ፣ በበቅሎ ለመሄድ የሚመች ነው። ግርማውን የሚያገኘው ከጨርቁ አወዳደቅና ከለባሿ አያያዝ ነው።

አያያዙ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ነጠላ አንድ ነው፤ አለባበሱ ግን ብዙ ነገር ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ታዘቀዝቀዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። ታላቅ ሰው ፊት የቀረበ ያደገድጋል። የመኳንንት ሚስት ከቤት ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ዐይኗ ብቻ ይታያል። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስታልፍ ያያት ሰው አፏን ሳትከፍት ከወዴት እንደምትመጣና ምን እንደ ደረሰባት ያውቅ ነበር።

የማን እጅ ሠራው?

አሁን ከለባሿ ወደ ሠሪዎቹ እንለፍ። ቀሚሱ ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት የሚነሣው። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነበር፤ የድሃዋም የእመቤቲቱም። አንዲትን ወይዘሮ ቀጭን ፈታይ ብሎ ማመስገን ትልቅ ክብር ነበር፤ ምክንያቱም ስስ ሸማ የሚወጣው ከቀጭን ፈትል ብቻ ነው።

ይህን ክብር ስናደንቅ ግን ከጀርባው የነበረውንም አንርሳ። ቀጭን ፈትል የጣት ስልት ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ይጠይቃል። ጊዜ የነበራት ደግሞ ውኃ የሚቀዳላት፣ እህል የሚፈጭላት፣ እንጨት የሚሸከምላት ሰው ያላት ሴት ናት። በዚያ ዘመን በመኳንንት ቤት ይህን የሚሠሩት ገረዶችና ባሪያዎች ነበሩ። በአንድ ስስ ነጠላ ውስጥ የእመቤቲቱ ጣትና የአገልጋዮቿ ጉልበት አብረው ተሸምነዋል።

ፈትሉ ወደ ሸማኔ ሲሄድ ሥራው ወደ ወንድ እጅ ይገባል። ሸማኔው ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ መርገጫውን እያነሣና እየጣለ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ የቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል። በጎንደር አካባቢ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል፣ በሸዋ ደግሞ አርጎባዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ከጋሞ ደጋ የመጡት፣ ብዙ ሰው ዶርዜ እያለ የሚጠራቸው ሸማኔዎች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ፤ የዛሬው የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ የእነርሱ ሙያ ውጤት ነው።

ይህን ሁሉ ውበት የሠራው ሰው ምን አገኘ? ብዙውን ጊዜ ስድብ። ሸማኔውና አንጥረኛው ይናቁ ነበር፤ ቡዳ ይባሉም ነበር። ሸማውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ልጁን ለሸማኔው ሊድር ወይም የሸማኔውን ልጅ ሊያገባ አይፈልግም ነበር። ነገሩ የከፋ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከአራዳ ወጣ ብሎ ያለው ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው፤ የከተማዋ ጌጥ ከየት ይወጣ እንደነበር ያስታውሰናል።

ልብስ ሰፊውና ጠላፊውም በአብዛኛው ወንድ ነበር። ሥራው ግን በስፌት አያበቃም። ነጭ ልብስ በቅቤ በተቀባ ጸጉር ሥር ሲለበስ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ይህ የልብስ አጣቢዎች ዕውቀት በኋላ ዓለም አቀፍ ሳይንስ ሆኗል። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው ተክሉ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። የነጭ ቀሚስ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ከሩቅ የመጣው ክር፣ ቀልጦ የተሠራው ብር

ጥጡ የአገር ነው፤ ሐሩ ግን የአገር አልነበረም። የሐር ፈትል፣ ከፋይና የቀለም ጨርቅ ከህንድ፣ ከዓረብ አገርና ከግብፅ በምጽዋ በኩል ይገቡ ነበር፤ በኋላ የዘይላና የጅቡቲ መንገድ እየበረታ መጣ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ሲያጥር ሸማኔው የውጭ ጨርቅ ገዝቶ ይተረትረዋል፤ የተፈታውን ክር በራሱ ሸማ ጥለት ላይ መልሶ ይሸምነዋል። በሌላ አገር ልብስ ሊሆን የተሠራ ጨርቅ እዚህ የጥለት መስመር ሆኖ እንደ ገና ይወለድ ነበር።

ቀለሙም በዚያው ዘመን ተለወጠ። በ1848 ዓ.ም. ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ለወባ መድኃኒት ሲፈልግ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ከቅጠል፣ ከሥርና ከነፍሳት ይወጣ የነበረው ቀለም ቦታውን ለፋብሪካ ቀለም እየለቀቀ ሄደ፤ በዓለም ገበያ የሚዞረው ክርም እየደመቀ መጣ። የክፍለ ዘመኑን መጀመሪያና መጨረሻ ልብሶች ስናወዳድር ይህን ልብ ማለት ይገባናል።

ወደ ጌጡ ስንመጣ የዘመኑ መሠረት ማርትሬዛ ነው። ይህ የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ተብሎ ይታተም ነበር፤ በእነርሱ አቆጣጠር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ነው። ገንዘብም ነው፤ ለአንጥረኛው ግን ጥሬ ዕቃ ነው። ሴትዮዋ ብሩን ትሰጠዋለች፤ እሱ አቅልጦ አልቦ፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ የጸጉር መርፌ ወይም የጠልሰም ማኅደር ያደርግላታል። ክፉ ቀን ሲመጣ ያው ጌጥ ተመዝኖ እንደ ገንዘብ ይሄዳል። መሬቱ በባል ስም፣ ከብቱ በባል እጅ በነበረበት ቤት፣ በጥሎሽ የመጣና በሰውነቷ ላይ የዋለ ብር ሴትዮዋ በቀጥታ የምታዝዘው ሀብት ነበር። ወርቅ ግን የቤተ መንግሥትና የታላላቅ መኳንንት ቤት መለያ ነበር።

ብዙ ተጓዦች የአልቦን ሹክሹክታ ጽፈዋል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ከ1835 እስከ 1838 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ፣ በተለይም ትግራይ፣ እንደ አገሬው ለብሶ ኖሯል፤ በጻፈው መጽሐፍም ስለ ልብስና ስለ ጸጉር ብዙ ይናገራል። አልቦ የደመቀው እግሩ ባዶ ስለነበረ ነው። የመኳንንት ሴቶች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ጫማ አያደርጉም። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ጫማ ወደ ከተማ ሲገባ አልቦ ከቁርጭምጭሚት እየወረደ ወደ ሣጥን መግባቱ እንግዲህ አያስገርምም።

ጸጉሩ ሹሩባ ይሠራል፤ ቅቤ ይቀባል፤ ሌሊት እንዳይበላሽ አንገት በእንጨት ትራስ ላይ ያርፋል። ያላገባች ልጅ በሳዱላዋ ትታወቃለች። ዐይን ይኳላል፤ እጅና እግር እንሶስላ ይሞቃል፤ ድድና አንገት ይነቀሳል። አንገት ላይ ማተብ አለ፤ የክርስትና ምልክት ነው፤ ባለጸጋዋ የብር መስቀል ወይም ቀለበት ታስርበታለች። ለበዓልና ለሠርግ ጌጥ መዋዋስም የተለመደ ነበር፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት የተወለደው ብዙ ሰው የሰው ወርቅ ያጠልቅ ስለነበር ይመስለኛል።

ወደ አራዳ ገበያ

ይህ ሁሉ ጥጥ፣ ሐር፣ ብርና ሙያ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የተገናኘው እዚህ ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ የጎንደርና የስሜን ሰው የሆኑት እቴጌ ጣይቱ አብረዋቸው ስለነበሩ የሰሜኑ የመኳንንት አለባበስ ለሸዋ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም። በዘመኑ ፎቶግራፎች እቴጌይቱ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በላዩ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ካባ ደርበው ይታያሉ። ቤተ መንግሥቱ የለበሰውን መኳንንቱ፣ መኳንንቱ የለበሱትን ነጋዴው፣ ነጋዴው የለበሰውን ሰፈሩ ይመኛል። ይህን ምኞት የሚያሟላው ደግሞ ገበያው ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአራዳ ዙሪያ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ሱቆች በዙ። ህንዶቹ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከአርመኖቹ ብዙዎቹ አንጥረኞችና ሰፊዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ዲክራን ኤቤያን ለቤተ መንግሥት ዘውድ የሠራ አንጥረኛ ነው። ከአርመኖቹ ወገን የሆነው የቦያጂያን ቤተሰብ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሜራውን ይዞ መጣ። የገበያውን ሕግ የሚያስከብሩትና ቀረጡን የሚሰበስቡት ነጋድራሱ ነበሩ፤ ከሁሉ የታወቁት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

የሁሉንም ዋጋ የለወጠው ግን አቡጀዲ ነው። ይህ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ተራ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ አገር ይጎርፍ ነበር። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ካመጡት ጉዳዮች ዋነኛው ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበር። የአሜሪካ መኪና እዚህ አራዳ ላይ ከእንዝርት ጋር ተፎካከረ ማለት ነው። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ወርዱም ሰፊ ነው። ለዕለት ልብስ፣ ለሱሪ፣ ለገበር አሸነፈ። ለክት ቀሚስ ግን አላሸነፈም፤ ምክንያቱም የእጅ ሸማ ልስላሴና ጥለት ከመኪና አይወጣም ነበር። እንግዲህ የሸማኔ ሙያ እስከ ዛሬ የተረፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ዕለቱን ለፋብሪካ ለቀቀ፣ በዓሉን ለራሱ ያዘ።

ወይዘሮዎቹም አዲሱን ነገር አልሸሹም። በሻሽ በተጠቀለለ ጸጉር ላይ ከአውሮፓ የመጣ ሰፊ ባርኔጣ ደፉ፤ በነጭ ቀሚስ ላይ የፋብሪካ ሐር ካባ ደረቡ፤ ጃንጥላ አስያዙ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ሁሉ ፈጠነ። በዚያው በ1909 የካቲት ንግሥት ዘውዲቱ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጭኑ የተሰበሰበውን ሰው ልብስ ብናይ፣ የአያት ጥለትና የትናንት ሸቀጥ ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። ያንን ዘመን የሚያሳፍር ቅይጥ አድርጎ የሚያይ ካለ የመቶ ዓመቱን ሐር ይጠይቅ፤ እሱም በመርከብ ነው የመጣው።

አንድ ቀሚስ በለንደን

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚስ በቃል ብዙ ማለት ይቻላል፤ ባለቤቱ የሚታወቅ ቀሚስ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከእነዚህ አንዱ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በቀለም ሐር ተጠልፏል። ሙዚየሙ ባለቤቷን ወይዘሮ ጥሩነሽ ብሎ መዝግቧል፤ በታሪካችን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በሚለው ስም የምናውቃቸው፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ናቸው።

ቀሚሱ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና ልብስ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር መንገድ ላይ ዐረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከእነዚህ ዕቃዎች ጥቂቱን ለሕዝብ አሳየ፤ ዳይሬክተሩም ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊመጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። የራስን ልብስ በውሰት መቀበል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። እኔ እንዲመለስ ከሚፈልጉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ኩራት ብቻ አይደለም። አንድ የእኛ ጠላፊ፣ አንድ የእኛ ሸማኔ፣ አንዲት የልብስ ንድፍ ተማሪ ያንን ስፌት በቅርብ አይተው የመማር መብት አላቸው ብዬ ስለማምን ነው። ዓመተ ምሕረቱ የሚታወቅ ጥልፍ ለባለሙያ መማሪያ ነው፤ መስተዋት ቤት ውስጥ ለሚያልፍ ጎብኝ ግን ትዕይንት ብቻ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ እዚህ ያለውን እንይ። እንጦጦ ማርያም ባለው ሙዚየም የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት ይታያሉ። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ ጌጣጌጥና የእጅ ሥራ ውጤቶች አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንገቱን፣ አንጓውንና ጠርዙን አሳዩአቸው።

እኛስ ምን እናድርግ?

የዛሬ የሐበሻ ቀሚስ በወገቡ ጠብቦ፣ እጅጌው አጥሮ፣ ጥልፉ በመኪና ተሠርቶ፣ ጥለቱ በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ተሸምኖ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ባህል ጠፋ ይላል። በዚህ አልስማማም። የአያቶቻችን ሸማኔ የህንድ ጨርቅ ተርትሮ ጥለት ከሠራ፣ የልጅ ልጁ አዲስ ክር መሞከሩ ያው የቤቱ ልማድ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ድሮው እንዴት እንደ ነበር ካላወቅን፣ የምንለውጠው ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንለውጣለን። ነጩን ሜዳ መተው፣ ቀለሙን ለአንገትና ለአንጓ ማስቀመጥ፣ ስፋትን እንደ ጌጥ መቁጠር፤ እነዚህ የታሰበባቸው ውሳኔዎች ነበሩ። የዛሬ ንድፍ አውጪ ሊቀበላቸውም ሊጥላቸውም ይችላል፤ ግን አውቆ ይሁን።

በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። ቤት ሲፈርስ ሣጥን ይወጣል፤ ሣጥን ሲወጣ አሮጌ ልብስ ይጣላል ወይም ይሸጣል። ስለዚህ ንግግሬን በልመና ልጨርስ።

በቤታችሁ የአያት ወይም የቅድመ አያት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ መቀነት ካለ፣ በፌስታልና በላስቲክ አታስቀምጡት፤ እርጥበት ይይዛል። በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። ፀሐይ አታስነኩት። ጥልፉ የከበደ ከሆነ አትስቀሉት፤ ክብደቱ ጨርቁን ይቀድደዋል። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ አታጥፉት፤ ፈትሉ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ሐር ያለበትን አታጥቡት፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ይፈስሳል።

ከዚህም በላይ አንድ ወረቀት ጻፉና አብራችሁ አኑሩ። የማን ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለየትኛው ሠርግ ወይም በዓል ተሠራ? ማን ፈተለው? ሸማኔው ማን ነበር፣ ከየትኛው ሰፈር? ሐሩ ከየት ተገዛ? ይህን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ ነው፤ ብዙዎቹም እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁ ናቸው። ስምና ዓመት የሌለው ቀሚስ አሮጌ ጨርቅ ነው፤ ስምና ዓመት ሲኖረው ግን ፈታይዋን፣ ሸማኔውን፣ ጠላፊውንና ለባሿን የሚያስቆጥር የታሪክ ሰነድ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቋቸው።